የብረቷ ሳራ

ሽታው ነው ወደ ልጅነቴ የመለሰኝ። ታናሽ ወንድሜ ጋምቤላ ከተማ ካለው ግቢው ጉድጓድ አስቆፍሮ ውሃ አገኘና፣ «መጥተሽ ካልመረቅሽልኝ አልጠጣውም» ብሎ አስመጣኝ። ቧንቧውን የምትዘረጋው አንዲት የአኙዋ ልጅ ናት። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ የቧንቧውን ጥርስ በቃጫ ትጠመጥምና በላዩ ቀይ ቀለም ትቀባዋለች። የእርጥብ ቃጫው፣ የቀለሙና የዛገው ብረት ሽታ ተቀላቅሎ ማንጎው ጥላ ሥር ከተቀመጥኩበት ሲደርስ፣ ይዤው የመጣሁት ምርቃት ከአፌ ጠፋ።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ።

«የለም ልጄ። ያቺ በእጅሽ ያለችው ምንድን ናት?»

«ይቺ? ሳራ ናት፣ የውሃ መዝጊያዋ። ለኩሽናው ለብቻ፣ ለመታጠቢያው ለብቻ፣ ለጓሮው ለብቻ ነው የምገጥመው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዳይቋረጥ።»

«ለምን ሳራ ተባለች?»

«እኔ እንጃ። ስንማር ሌላ ስም ነበራት። እዚህ ግን ሁሉም ሳራ ነው የሚላት።»

እኔ አውቃለሁ ለምን እንደሆነ። አልነገርኳትም፤ ሥራ ላይ ነበረች። እዚህ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም ከጎኔ ከተቀመጠችው ጋር እያወራሁ። ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ፤ መልሼ ወደ ውሃው አመጣዋለሁ።

በደርግ ዘመን፣ ከድርቁ በኋላ፣ ከወሎ አምጥተው ከባሮ ወዲህ ካለው ሜዳ አሰፈሩን። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። እናቴ ቁጥሩን ጠርታው አታውቅም። «ያስቀመጡን ቦታ» ነበር የምትለው። ሣሩ ከአባቴ ቁመት ይበልጣል። ሙቀቱ ጠዋት ከሰው ጋር አብሮ ይነሣል። ከሁሉ የባሰው ግን ወንዙ ነበር። እኛ የምናውቀው ወንዝ በጋ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩትን ነው፤ ባሮ ግን ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሰፊ ነው፣ ውስጡም አዞ አለበት። እናቴ ውሃ ስትቀዳ እኔን በመቀነቷ ከዛፍ ጋር ታስረኛለች፣ ወንዙ አጠገብ እንዳልደርስ። ከዚያ ዓይኗን ከውሃው ላይ ሳትነቅል እንስራዋን ትነክራለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ወደ ኋላ እየተራመደች ትወጣለች። እናቴ ለባሮ ጀርባዋን ሰጥታ አታውቅም።

እኔ ደግሞ ወንዙ ውስጥ የምትታፈር ትልቅ ሴትዮ ያለች ይመስለኝ ነበር። ለንጉሥ ነዋ ጀርባ የማይሰጠው።

በመጣን በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ጎጆ ውስጥ ወለደች። ሕፃኑ አልቆየላትም። በወንዝ ውሃ ነበር ያጠቡት፣ በወንዝ ውሃ ነበር ያጠጡት፤ እናቴ ሌላ ምክንያት መስማት አልፈለገችም። እንደገና ስታረግዝ ለጎረቤታችን ለእቴ ፋጤ፣ «ይሄንንስ በዚያ ውሃ አላጥበውም። የጉድጓዱ ውሃ ካልደረሰልኝ እንጃ» ስትላት ሰማሁ። ጉድጓዱ ያኔ እየተቆፈረ ነበር። እኔም በየቀኑ የእናቴን ሆድና ጉድጓዱን እያስተያየሁ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ እገምት ጀመር።

ጉድጓዱን የት እንቆፍር ሲባል ቦታውን ያሳዩት በታች በኩል ያለው የአኙዋ መንደር ሽማግሌ ናቸው። ስለዚህ ውሃው ለእኛም ለእነሱም ለክሊኒኩም ይሆናል ተባለ። ሞተሩ ውሃውን ወደ ላይ ወደ ታንከሩ ይገፋዋል፤ ከታንከሩ ደግሞ በራሱ እየወረደ ወደ ሦስቱም ቦታ ይሄዳል። ይህን የሚገጥሙት ጋሽ ወልዱ መጡ። አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ከሞተሩ የማያንስ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራውን በልጅነታቸው ከጣሊያን ነው የለመዱት፤ የዕቃውንም ስም በጣሊያንኛ ነው የሚጠሩት። ውሃውን የምትዘጋውን፣ አናቷ ላይ እንደ መኪና መሪ ያለ ትንሽ ክብ ያላትን ብረት «ሳራቺኔስካ» ይሏታል።

«ሳራቺኔስካዋን አቀብሉኝ!» ሲሉ ቦይ የሚቆፍሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«ሳራ... ማን?» አለች አንዷ።

«ሳራ እንበላት» አለች እቴ ፋጤ። «ቀሪው የአባቷ ስም ይሆናል።»

ሳቁ ቦዩን ሞላው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳራ ሆና ቀረች። ከታንከሩ ሥር አንዲት ሳራ፣ ለመንደራችን አንዲት ሳራ፣ ለክሊኒኩ አንዲት፣ ለአኙዋ መንደር አንዲት። እያንዳንዷ በጡብ በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ የብረት ክዳን ተደረገላት።

ሊቀመንበራችን ወጣት ነው፤ ቁጣው ከዕድሜው የሚበልጥ። መጥቶ ጉድጓዶቹን ዞሮ አየ። «ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ከታንከሩ ሥር አንድ መዝጊያ አይበቃም? አንድ መዝጊያ፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ኃላፊ!»

«በሳጥኑ የመጡት አራት ናቸው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ወልዱ። «ሦስቱን ልመልሳቸው? እርስዎ ይፈርሙልኝና።»

ሊቀመንበሩ መፈረም አይወድም። «ይገጠሙ» ብሎ ሄደ። ጋሽ ወልዱ ወደ ሴቶቹ ዞረው ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉ። «አንድ ልጅሽ ሲያለቅስ የሁሉንም አፍ ትይዣለሽ? ያለቀሰውን ነው እንጂ። ይኸው ነው ነገሩ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሳራ የምትባል ሴት አለች። ክዳኑ ሲነሣ «ፊሽሽ» ስትል ሰምቻታለሁ። ውሃውን የምትይዘው እሷ ናት፣ ሲለምኗት ትለቀዋለች። ጨለማ ውስጥ ብቻዋን መቀመጧ አሳዘነኝና ከምሳዬ ቂጣ ቆርሼ በክዳኑ ቀዳዳ ጣልኩላት። በማግሥቱም ጣልኩላት። ጋሽ ወልዱ ክዳኑን ሲያነሡ ጉድጓዱ በጉንዳን ተሞልቷል።

«ማነው ሳራዬን የሚቀልብልኝ?» ብለው ጮኹ።

እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅኩ። እናቴ ቂጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያ ቦታ ከደረስን ወዲህ እናቴ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሽ ወልዱም ጠሩኝና እጄን ከክቡ ላይ አስቀምጠው፣ «እንጀራ አትበላም ይቺ። ማዞር ብቻ ነው የምትፈልገው። ወደ ቀኝ ካዞርሻት ትተኛለች፣ ወደ ግራ ካዞርሻት ትነቃለች። በይ» አሉኝ። ወደ ግራ አዞርኳት። ብረቷ ቀዝቃዛ ነበረች፤ በዚያ አገር ቀዝቃዛ ነገር ስነካ እሷም የመጀመሪያዬ ናት መሰለኝ።

ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ደም የመሰለ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠራ። ሰዉ ሁሉ እልል ሲል እናቴ የእጇን አንጓ ከቧንቧው ሥር ይዛ ቆየች። ጀሪካኑ እየሞላ ሳለ ነጠላዋ ተፈታባትና ልታስተካክል ዞር አለች። ለውሃ ጀርባዋን ስትሰጥ ያን ቀን አየኋት።

አሁን ስለ ሌላዋ ሳራ ልንገራችሁ። ውሃው በገባ ሰሞን ለክሊኒኩ ጤና ረዳት ተላከችልን። ከጋምቤላ ከተማ የመጣች የአኙዋ ሴት ናት፤ ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ፣ እጇ ሁልጊዜ እርጥብና ቀዝቃዛ። ስሟን ስንጠይቃት፣ «እናቴ አጁሉ ነው ያለችኝ። በቤተ ክርስቲያን ሳራ ነኝ። የቀለላችሁን ጥሩኝ» አለችን። የአኙዋ ሴት ስሟ በ«አ» ነው የሚጀምረው፣ የወንዱ በ«ኦ»፤ እሱን በኋላ ተማርኩ። እኛ ግን ሳራ ቀለለን። አጁሉ ብለናት ቢሆን ኖሮ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

እኔማ ሳራ ስትባል ስሰማ ከጉድጓዱ ወጣች ነው ያልኩት። እጇስ ለምን ቀዘቀዘ ታዲያ?

ትልልቆቹ ስለ እሷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቷል፣ ወንድሟ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ነው ያለው ይባላል። እሁድ እሁድ ጠዋት ከክሊኒኩ ጓሮ ልብስ እያጠበች በለሆሳስ ታዜማለች። ሰው ሲመጣ ዜማውን ትተወዋለች፣ ማጠቡን ትቀጥላለች። እናቴን በየሳምንቱ ሆዷን እየዳሰሰች፣ «አይዞሽ። ቀኑ ሲደርስ እዚህ ነይ። እኔ አለሁ፣ ውሃም አለ» ትላታለች። እናቴ ይህን ቃል ቤት መጥታ ለአባቴ ደግማ ትነግረዋለች። «እሷ አለች፣ ውሃም አለ።»

ቀኑም ደረሰ። አባቴ እርሻ ነበር፤ እናቴን ደግፋ ያመጣቻት እቴ ፋጤ ናት። ሳራ ተቀብላ አስተኛቻት። እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት የመንግሥት ትራክተር ከመንደራችን በላይ ያለውን ማሳ ሲያርስ የእኛን ቧንቧ ቆረጠው። ውሃው ከዛፍ በላይ ተወርውሮ ሲወርድ ከክሊኒኩ በር ሆኜ አየሁት፤ ፀሐይ መትታው ቀስተ ደመና ሠርቶ ነበር። ልጆች እየጮኹ ወደዚያው ሮጡ። እኔ እናቴን ትቼ መሄድ አልቻልኩም።

ሊቀመንበሩ ከማሳው መሐል ቆሞ፣ «ሳራን ዝጓት! ሳራን ዝጓት!» አለ። የሰማው ለሚቀጥለው ጮኸ፣ ያም ለሚቀጥለው፤ ሁሉም ሌላው የሚዘጋት መስሎታል። ትእዛዙ ማሳውን አቋርጦ፣ ቤቶቹን አልፎ፣ የክሊኒኩ ጥበቃ ከነበረው ከአያ ይማም ደረሰ። አያ ይማም የእኛው ሰው ነው፣ ክፉም አልነበረም። ግን ቧንቧው ሲዘረጋ ለሚሊሻ ሥልጠና ሄዶ ከረመና በዚያው ሳምንት ነው የተመለሰው። እሱ የሚያውቃት ሳራ አንዲት ናት።

ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ገባ።

«ሳራ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ትዘጋ ተብሏል።»

ለምን አላለችም። ማን አዘዘም አላለችም። እጇን በፎጣ አደረቀች፣ ነጩን ልብሷን አውልቃ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ከዚያ ወደ እናቴ ክፍል ጠቆመችው።

«ይቺን ሴት ለማን ልስጣት?»

«እሱ አልተነገረኝም» አለ አያ ይማም።

መድኃኒት የሚቀመጥበት ክፍል አስገብቶ በትልቅ ጓጉንቸር ቆለፋት። እናቴ፣ «ሳራ! ሳራ!» ስትል ይሰማኛል። እቴ ፋጤ ወጥታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሴቲቱ ምጥ ላይ ናት፣ ክፈታት!» አለችው።

«ያዘጋት ይክፈታት እንጂ፣ እቴ ፋጤ። እኔን አታስበዪኝ። ነገ እኔም እዚያው ነኝ።»

እቴ ፋጤ ወደ እናቴ ተመለሰች፤ እናቴን ማን ይያዝላት። እኔ ግን የሳራዎች ሁሉ ባለቤት ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሮጥኩ።

ጋሽ ወልዱ ከተቆረጠው ቧንቧ ጋር ቦይ ውስጥ ይታገላሉ። ውሃው ፊታቸውን እየመታ፣ «ኧረ በእናታችሁ! ሳራ አልተዘጋችም እንዴ?» ይላሉ።

«ተዘግታለች!» አልኳቸው።

«ተዘግታ ከሆነ ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?»

«በዓይኔ አይቻለሁ! የክሊኒኳ ሳራ ተዘግታለች!»

«የክሊኒኳን ማን ንኩ አላቸው? የመንደሩን ነው እንጂ! ሂጂና ወደ ግራ አዙሪያት።»

«በጓጉንቸር ነው የቆለፏት!»

ጋሽ ወልዱ ከውሃው ፊታቸውን አወጡ። «ሳራቺኔስካን በጓጉንቸር?»

«አዎ። እናቴ እየጠራቻት ነው። እሷ ደግሞ ውስጥ ሆና እያለቀሰች ነው።»

«እያለቀሰች ነው ወይስ እያንጠባጠበች?»

«እያለቀሰች!» ብዬ እኔም አለቀስኩ። በዚያ መሐል ነው ፊታቸው የተለወጠው። ከቦዩ እንዴት እንደወጡ አላውቅም፤ በዚያ ውፍረት። መንገድ ላይ የመንደሩን ሳራ ክዳን በእግራቸው ገፍተው ወደ ቀኝ አስተኟት፤ ከኋላችን የውሃው ድምፅ ጸጥ አለ። ከዚያ እኔን በአንድ እጅ፣ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ በሌላው ይዘው ሮጡ።

ሊቀመንበሩም ውሃው ሳይቆም በመቆየቱ እየተቆጣ፣ ልብሱ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ፣ ከእኛ እኩል ደረሰ። አያ ይማም ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ማን ዝጋት አለህ?» አሉት ጋሽ ወልዱ።

«ጓድ ሊቀመንበሩ።»

«እኔ?»

«ሳራን ዝጓት አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«ዘጋኋት።»

ሊቀመንበሩ በሩን በእጁ ጠቆመው። አያ ይማም ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። በሩ ተከፈተ። ሳራ ከመድኃኒት ሳጥን ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሣችና ሁለት እጇን አንድ ላይ አጋጥማ ወደ ፊት ዘርግታ ወጣች።

እኔ ያን ጊዜ ልትታጠብ መሰለኝ፤ ውሃ አፍስሱልኝ የምትል መሰለኝ። ገመድ እንደምትጠብቅ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ትልልቆቹ ግን ወዲያው ነበር የገባቸው። ሊቀመንበሩ እነዚያን እጆች አየ፣ ከዚያ መሬት አየ። እናቴ ከውስጥ ጮኸች።

ሳራ እጆቿን ለያየች። ወደ ክሊኒኩ ቧንቧ ሄዳ ከፈተችው። ውሃ ነበረው። የመንደራችን ተዘግቶ የእሷ ግን ይወርድ ነበር፣ ንጹሕ፣ ሙሉ። እስከ ክርኗ ታጠበችና ገባች።

ወንድሜ የተወለደው ጥላው ሳይረዝም ነው። ሳራ በጉድጓዱ ውሃ አጥባ ለእናቴ ሰጠቻት። በኋላ ወጥታ ደረጃው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። «ማነው የከፈተኝ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ወደ ግራ ነው የምትነቂው።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ በፎጣው ፊቷን ሸፍና ብዙ ቆየች። «እኔ እኮ» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም፣ «ምን አጠፋሁ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።»

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ መጣ። ይቅርታ ማለት አልሆነለትም። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አውልቆ ኪሱ ከተተና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያ ብረት ‹መቆጣጠሪያ› ተብሎ ይጠራ» አለ።

«ተዋቸው ጓድ» አለችው ሳራ። «ሳራ ይበሉ። ‹የብረቷ› ይጨምሩበት ብቻ።»

እንዲህ ነው የብረቷ ሳራ የተባለችው። ጊዜ ሲሄድ «የብረቷ» ከሰው አፍ ወደቀ፣ ሳራ ቀረች። ጋሽ ወልዱም ሥራቸውን ጨርሰው መፍቻቸውን ተሸክመው ሄዱ፤ የት እንደገቡ አላውቅም። ባሉበት ነፍሳቸውን ይማር እላለሁ፣ ካሉም ዕድሜያቸውን ያርዝመው። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ «ዝጊ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «በሩን መልሺው፣ ልጄ» ነበር የምትለኝ። «ገርበብ አድርጊው።»

ያ ጥላው ሳይረዝም የተወለደው ሕፃን ይኸው ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት ከጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ፣ «በይ እንግዲህ፣ አልመረቅሽኝም» እያለ ይነዘንዘኛል። ልጅቷ የመጨረሻዋን ገጥማ እጇን በሱሪዋ ጠረገች።

«እማማ፣ የጓሮዋን ሳራ ልዝጋት?»

«ገርበብ አድርጊያት፣ ልጄ።»

ሳቀችብኝ። «ሳራ ገርበብ አትልም እማማ፣ ትበላሻለች። ወይ ትከፈታለች ወይ ትዘጋለች።»

«እንግዲያስ ክፈቻት» አልኳት።

ወደ ግራ አዞረቻት። ምርቃቱ ያኔ ወደ አፌ ተመለሰ።